ጉልበት የለኝም

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም፣ እጣው ሲወጣልን ግን ማን ስለ ሊፍት አሰበ፣ እማዬ እልልታዋን አቅልጣ መሬት ስማለች። ደረጃው 72 ነው። ቆጥሬዋለሁ። መቁጠር የጀመርኩት ግን ከገባን ከስድስት አመት በኋላ ነው፣ ጉልበቴ አላስወጣ ሲለኝ። መጀመሪያ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነበር ቆም የምለው፣ ስልኬን አውጥቼ የሆነ ሜሴጅ የማነብ መስዬ። ከዛ ሁለተኛው ላይ ሆነ። ከዛ ደሞ ከመውጣቱ መውረዱ ባሰ፣ ይሄን ለሰው ስናገር ማንም አያምነኝም፣ "መውረድ ደግሞ ምን ይከብዳል?" ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ይዤ እንደ ህጻን ልጅ አንዱን እግሬን አስቀድሜ ሌላውን እያስከተልኩ ስወርድ የሶስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ፣ 70 ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው ሴትዮ፣ "በይ አይዞሽ" እያሉ ያልፉኝ ነበር። እኔ 41 አመቴ ነበር።

አማርኛችን ደሞ ተንኮለኛ ነው። ጉልበት ስንል እግራችን መሀል ያለው መታጠፊያም ነው፣ አቅምም ነው። "ጉልበት የለኝም" ብዬ ለባለቤቴ ስነግረው "ደክሞሽ ነው፣ አረፍ በይ" አለኝ። ቢሮ ለአለቃዬ ስነግራት "እረፍት ውጪ" አለችኝ። ሁለት አመት ሙሉ ሰዉ ሁሉ አረፍ በይ ሲለኝ እኔም የታዘዝኩትን ሳርፍ ኖርኩ፣ እረፍቱ ራሱ ነገሩን ሲያብሰው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

እማዬ ዘንድ ምርመራ ቀላል ነው፣ ብርድ ነው። ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግርሽን ስትቆሚ፣ ልብስ አጥበሽ ሳትደርቢ በረንዳ ስትወጪ፣ በቃ ብርድ መቶሻል። እትዬ ደሞ ሪህ ነው አሉ። እኛ አገር የሚያም መገጣጠሚያ ሁሉ ስሙ ሪህ ነው አይደል፣ ጣትም ይመም ወገብም ይመም ሪህ። መድሃኒቱም የታወቀ ነው፣ ስጋ አትብላ። እኔም ስጋ ተውኩ፣ አንዷ ጓደኛዬ ምስርም ሪህ ይቀሰቅሳል ስላለችኝ ምስርም ተውኩ፣ ጾም ላይ ምስር ትቶ ሽሮ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመስል አስቡት። ሶስት ወር ቆይቼ ዩሪክ አሲድ ስለካ ኖርማል። ዋናው ሪህ ማለት ያ ነው ለካ፣ ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሲሰራ፣ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣት ላይ ይጀምርና በአንድ ሌሊት ቀይ ሆኖ አብጦ አንሶላ እንኳን ሲነካው የሚያስጮህ። የኔ እንደዛ አልነበረም። የኔ ቀስ ብሎ የመጣ፣ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ አስር ደቂቃ የሚያደርቀኝ፣ ትንሽ ስንቀሳቀስ የሚለቀኝ፣ ማታ ደሞ ሲዘመዝመኝ የሚያድር ነው።

ከዛ ፋርማሲ። ዲክሎፌናክ የማያውቅ አበሻ አለ? ካርዱን እንኳን ሳላወጣ እየገዛሁ ዋጥኩት። ጉልበቴ ተሻለው፣ ጨጓራዬ ተነሳ። ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል ገዛሁ። ፋርማሲ የምትሰራው ልጅ አንድ ቀን አዘነችልኝ መሰለኝ "እህቴ ይሄን ያህል ጊዜ መውሰድ የለብሽም፣ ኩላሊትም ይጎዳል፣ ግፊትም ይጨምራል፣ ቢያንስ የሚቀባውን ተጠቀሚ" ብላ ጄሉን ሰጠችኝ። እስከዛ ድረስ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚረባው እሱ ነበር።

ከዛ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። ከወረፋው ጋር ሶስት ሰአት ፈጀ፣ ዶክተሩ ጋር ግን አራት ደቂቃ አልቆየሁም። ጉልበቴን አልነካውም። ከላይ እስከታች አየኝና "ክብደት ቀንሺ" አለኝ፣ ሌላ ዲክሎፌናክ ጻፈ፣ ቀጣይ። ወጥቼ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። የተናገረው ውሸት ስለሆነ አይደለም። 86 ኪሎ ነበርኩ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ሂሳቡን ብትሰሩት ቢኤምአዬ፣ ክብደት ከቁመት ጋር ተሰልቶ የሚወጣው ቁጥር፣ 33 አካባቢ ይመጣል፣ ከ30 በላይ ደሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው የሚባለው። እውነቱን ነው ሰውዬው። ግን እንዴት ልቀንስ? መራመድ ለማልችል ሰው? "ሀብታም ሁኚ" ብሎ እንደመምከር ነው።

ደሞ ለኔ ውፍረት ማለት ምን እንደነበር እሱ አያውቅም። እኔ ያደግኩት በ90ዎቹ፣ በኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ነው። በዛን ጊዜ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ድንገት ከከሳ ምን እንደሚባል የኔ እድሜ ሰው ያውቃል፣ አይነገርም፣ ብቻ ሰው በአይኑ ይነጋገራል። መክሳት መርዶ ነበር። እናቶቻችን ደሞ የ77ን ድርቅ ያዩ ናቸው። ስለዚህ "ወፈርሽ!" ማለት "ተመቸሽ፣ ባልሽ ጥሩ ሰው ነው፣ ጤና ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት ነው፣ በአንዲት ቃል። ስወልድ ሰባት ኪሎ ጨመርኩ፣ አራስ ቤት ገንፎው በቅቤ፣ አጥሚቱ፣ ሁሉም ሰው ተደሰተ። ከዛ በየአመቱ አንድ ሁለት ኪሎ ስጨምር ማንም "ኧረ ተይ" አላለኝም፣ ሰርግ ላይ ጉርሻው "በሞቴ" ተብሎ ነው፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። በአገር ደረጃም ብታዩት የሚገርም አይደለም፣ እንደ ፈረንጅ በ2016 በተሰራው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 አመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ የከሱ ነበሩ፣ ወፈር ያሉትና ከልክ በላይ የወፈሩት አንድ ላይ ደሞ 8 በመቶ። አገሪቱ የምታስበው ስለ 22ቱ ነው፣ ትክክልም ናት። እኛ 8ቱ ውስጥ ያለነው፣ ያው አብዛኞቻችን ከተሜ፣ ወንበር ላይ የምንውል፣ የኛን ጉዳይ እንደ ቅንጦት ነው የሚያዩት።

ነገሩን ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ በሰው በሰው ተፈልጎ የተገኘ አንድ አዛውንት የአጥንት ሐኪም ነው። መጀመሪያ አስተኝቶ ጉልበቴን አጠፈ ዘረጋ፣ እጁን ጭኖ ውስጥ ውስጡን ሲንቋቋ አዳመጠ፣ ከዛ ራጁን መብራት ላይ ሰካና "ይሄ ክፍተት ይታይሻል?" አለኝ። በቀኝ ጉልበቴ በሁለቱ አጥንቶች መሀል ጥሩ ክፍተት አለ፣ ግራው ላይ በውስጥ በኩል ጠቧል። ክፍተቱ ባዶ ቦታ አይደለም፣ ራጅ የማያሳየው ካርቲሌጅ ያለበት ነው። ቅቅል ስትሰሩ አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቢላ የሚያንሸራትት ነገር አይታችሁት ታውቃላችሁ? እሱ ነው። እሱ ሲበላ ነው ክፍተቱ የሚጠበው፣ በሽታው ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። ካርቲሌጅ የደም ስር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ዙሪያውን ካለው ፈሳሽ ነው፣ ስትረግጡ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ እግራችሁን ስታነሱ መልሶ ይመጥጣል። ስለዚህ ጨርሶ ያልተራመደ ሰው ካርቲሌጁን እያስራበው ነው ማለት ነው። እኔ ደሞ ሁለት አመት "አርፌያለሁ"።

ከዛ ስለ ሸክሙ ነገረኝ። በርሊን ውስጥ ተመራማሪዎች ሰው ሰራሽ ጉልበት የተገጠመላቸው አምስት ሰዎች ላይ፣ ውስጡ ሴንሰር ያለው ጉልበት ነው የገጠሙላቸው፣ ምን ያህል ጫና እንደሚያርፍበት ቀጥታ ለኩ። ሜዳ ላይ ሲራመዱ የሰውነታቸው ክብደት 2.6 እጥፍ። ደረጃ ሲወጡ 3.2 ገደማ። ሲወርዱ ደሞ 3.5 አካባቢ። እሱ ይሄን ሲለኝ እኔ በጭንቅላቴ የራሴን አባዛሁ፣ 86 በ3.5፣ 300 ኪሎ። ሶስት ኩንታል! በየደረጃው፣ ጠዋት ጠዋት፣ አንዲት ጉልበት ላይ። ኩንታሉን የጫነብኝ የራሴ ክብደት ብቻ አይደለም፣ እግርን እንዳይከዳ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ራሱ አጥንቱን ወደ አጥንት ይጎትተዋል፣ ለዛ ነው የሚባዛው። መውረድ ለምን እንደሚብስ ያመነኝ የመጀመሪያው ሰው ስለሆነ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

እዚህ ጋ ነው ተስፋውም የመጣው፣ ምክንያቱም ወደ ላይ የሚባዛ ነገር ወደ ታችም ይባዛል። በ2005 (ከዚህ በኋላ ያሉት አመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው) አሜሪካን ሰሜን ካሮላይና ውስጥ 142 ወፈር ያሉና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይ በተሰራ ጥናት፣ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ነው የቀነሰለት። አንድ ኪሎ ምን አላት፣ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት መሄድ ነው ብዬ እቀልድ ነበር። አራት ኪሎ ግን ሰፈር ነው!

ፍራሚንግሃም ስለምትባለው ከተማ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ቦስተን አጠገብ ያለች፣ ከ1948 ጀምሮ ነዋሪዎቿን ለልብ በሽታ ሲከታተሏቸው የኖሩባት። እነዛኑ ሰዎች ከሰላሳ ምናምን አመት በኋላ ጉልበታቸውን ራጅ አነሷቸው፣ ድሮ ወፍረው የነበሩት ላይ ነው በሽታው በዝቶ የተገኘው። ማለት ጉልበታቸውን ስላመማቸው ቁጭ ብለው ወፈሩ እንዳይባል፣ ውፍረቱ ነው የቀደመው። ደሞ በአስር አመት ውስጥ 5 ኪሎ ገደማ የቀነሱ ሴቶች የጉልበት በሽታ የመያዝ እድላቸው ከግማሽ በላይ ወርዷል። 5 ኪሎ በአስር አመት። የኛ ጂሞች ፖስተር ላይ "በ30 ቀን 15 ኪሎ" ይላል።

ግን ሸክም ብቻ ቢሆን ኖሮ የእማዬን ጣት ምን ልንለው ነው? እማዬ 68 አመቷ ነው፣ እሷም ወፍራም ናት፣ ጉልበቷም ያማታል፣ ግን የጣቶቿ ጫፍ መገጣጠሚያዎችም አብጠው ጠጠር የያዙ ይመስላሉ፣ የጋብቻ ቀለበቷ አይገባም። በጣቷ አትራመድም መቼም። ይሄን ስጠይቀው ሐኪሙ ሳቀና "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጆንያ አይደለም አለኝ፣ ይሰራል፣ ሌፕቲን የሚባልና ሌሎችም ብግነት የሚቀሰቅሱ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል፣ እነሱ ደሞ መገጣጠሚያ ድረስ ይሄዳሉ። ወፍራም ሰዎች ላይ የእጅ ጣት መገጣጠሚያ በሽታም ከፍ ብሎ የሚታየው ለዛ ነው ተብሎ ይታሰባል። ብቸኛው ምክንያት ግን አይደለም፣ ዘርም አለ፣ እድሜም አለ፣ ሴት መሆንም አለ፣ ድሮ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የተጎዳ ሰውም አለ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አንዲት ኪሎ ትርፍ ስጋ የላቸውም፣ ጉልበታቸውን ጠይቋቸው እስቲ። ሸክም ሆድ ላይም ሆነ ጀርባ ላይ ለጉልበት ሸክም ነው፣ ልዩነቱ እነሱ ተገደው ነው።

ስለዚህ "ክብደት ቀንሺ" የሚለው ሁለተኛ ጊዜ ሲነገረኝ አላለቀስኩም፣ ያው ተመሳሳይ ሶስት ሰከንድ የምትፈጅ አረፍተ ነገር ናት፣ ግን አሁን ፊዚዮቴራፒ ተጻፈልኝ። ፊዚዮው ወጣት ልጅ ነው፣ "እስቲ እጅሽን ሳትደገፊ ከወንበር አስር ጊዜ ተነሺ ቁጭ በይ" አለኝ። አራተኛው ላይ ቀረሁ። በጣም ነው ያፈርኩት። ጭኔ ላይ ያለው ትልቁ ጡንቻ ሟሟል አለኝ፣ ጉልበቴን ሊሸከምልኝ ይገባ የነበረው። ያው ያማል፣ ስለሚያም ቁጭ ትያለሽ፣ ስትቀመጪ ጡንቻው ይሟሟል ኪሎው ይጨምራል፣ ስለዚህ ይበልጥ ያማል። እኔ ለአስር ደቂቃ ከዚህ አዙሪት የቱ ጋ ነው የሚወጣው ብዬ ስጨቃጨቀው "ከወንበር" አለኝ። በቃ። በቀን ሶስቴ ከወንበር መነሳት፣ ተኝቶ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ 15 ደቂቃ ሜዳ ላይ መራመድ። ሲያምሽ አትደንግጪ፣ በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ ካልባሰ ችግር የለውም አለኝ። ይቺ ህግ ነጻ አወጣችኝ፣ እስከዛ ድረስ ትንሽ ባመመኝ ቁጥር የሆነ ነገር የቀደድኩ ይመስለኝ ነበር።

እግዜር ይስጣቸው በኮሪደር ልማቱ እኛ ሰፈር በኩል ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሰርቷል፣ ስለ ኮሪደር ልማት ብዙ የሚባል ነገር አለ፣ ቤታቸው የፈረሰባቸውን አውቃለሁ፣ ግን ለታመመ ጉልበት ቀጥ ያለ ንጣፍ ምን እንደሆነ ጉድባ እየዘለለ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ምግቡ ከእንቅስቃሴው ከበደኝ። ጾም አለብን፣ 55 ቀን አብይ ጾም ጾሜ 3 ኪሎ የምጨምር ሰው ነበርኩ። እንዴት በሉኝ። ፓስታ በዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ ሻይ በብስኩት፣ ሽሮው ላይ ዘይቱ ተንሳፍፎ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰብኩት፣ እኛ ቤት አራት ሰው ነን፣ ባለ 5 ሊትር ዘይት በወር ያልቃል፣ ለአንድ ሰው በቀን ሶስት የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ አንዷ ማንኪያ ደሞ 120 ካሎሪ ገደማ። ከ300 በላይ ካሎሪ ሳንቀምሰው እየጠጣነው ነው። ወደ 3 ሊትር አወረድኩት፣ የዘይትን ዋጋ ስታዩት ኪሴም አመሰገነኝ። ቡና ላይ ስኳር ተውኩ፣ ይሄ አንድ ወር ሙሉ ሀዘን ነበር። ራት አንድ እንጀራ። ማታ ከሁለት ሰአት በኋላ ምንም። ሌላ ዲቶክስ ምናምን የለም፣ ዝንጅብልና ሎሚ ጠጪ ያላችሁኝ ሁሉ ጠጥቼ ጨጓራዬ ነው የተነሳው።

መሀል ላይ አሜሪካን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። "ምን ታሰቃያለሽ ራስሽን፣ ኦዜምፒክ፣ ክብደት የሚቀንሰውን መርፌ፣ በሰው ሻንጣ ልላክልሽ።" እሷ 18 ኪሎ ቀንሳለች፣ ጉልበቷም ቀሎታል፣ አላጣጣልኩባትም። በ2024 የወጣ ጥናት አለ፣ ውፍረትና የጉልበት በሽታ ያለባቸው 407 ሰዎች ላይ፣ ኦዜምፒክ ውስጥ ያለውን ሴማግሉታይድ የሚባለውን መድሃኒት በሳምንት አንዴ ለ68 ሳምንት ሲወጉ የቆዩት ክብደታቸው 14 በመቶ ገደማ ወረደ፣ ህመማቸውም ባዶ መርፌ ከተወጉት ይልቅ በደንብ ቀነሰ። ይሰራል። ግን ፍሪጅ የሚፈልግ መርፌ በሻንጣ፣ ያለ ሐኪም ክትትል፣ መብራት በሚጠፋበት አገር? ሲያልቅስ? ደሞ ክብደት ሲወርድ ስብ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፣ እኔ ያጣሁት ደሞ እሱኑ ነው። አመስግኜ አልኩ ተይው።

በ18 ወር 9 ኪሎ ቀነስኩ። የሰሜን ካሮላይናዎቹ በ2013 ያወጡት ሌላ ጥናት አላቸው፣ 454 ሰው፣ እሱም 18 ወር ነው፣ ምግብም እንቅስቃሴም አንድ ላይ ያደረጉት 11 በመቶ አካባቢ ቀንሰው ህመማቸው በግማሽ ገደማ ወርዷል። እኔም እዛው አካባቢ ነኝ። ግማሽ። ካርቲሌጁ ተመልሶ አልበቀለም፣ ራጁን ደግሜ ተነሳሁ፣ ያው ጠባብ ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል አሁንም ይነግረኛል፣ እማዬ "ብርድ ነው አላልኩም?" ትላለች። ከፋሲካ እስከ ሰርግ ወቅት ባለው ሁለት ኪሎ ተመልሷል፣ ክትፎውን አልክድም። ግን 72ቱን ደረጃ አንዴ ብቻ ቆሜ እወጣለሁ፣ ስወርድ ግድግዳ አልይዝም።

እትዬ ግን አልወደዱትም። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ከስተሻል። ተመርምረሻል እንዴ?" አሉኝ። 79 ኪሎ ነኝ እኮ።

እማዬን ማሳመኑ አመት ፈጀብኝ። ቤተክርስቲያን ከቆመች ብዙ ጊዜዋ ነው፣ ቅዳሴውን አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነው የምታስቀድሰው፣ ሕማማት ላይ ስግደት ያቆመች እለት ቤት መጥታ ሳትናገር ተኛች። ስፖርት የሚለውን ቃል እንደማትሰማው ስላወቅኩ ስፖርት አላልኳትም። ቡና ሲፈላ ወንበሯን ግድግዳ አስጠግቼ፣ ከጎኗ ቆሜ፣ "እስቲ ተነስተሽ ቁጭ በይ" እላታለሁ። ቁጥር አትቆጥርም፣ በወር በዓላት ነው የምትቆጥረው። ልደታ ብላ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ታዴዎስ። በአታ። ዮሐንስ። መጀመሪያ ሳምንት አቦ ላይ አለቀባት፣ "ይሄ ጻድቅ ቁሞ ነው የጸለየው፣ እኔን ግን ይማረኝ" ብላ ሳቀች። እኔ ያልኳት አስር ነበር፣ እሷ ግን ሚካኤል ካልደረስኩ አላርፍም አለች፣ 12 ማለት ነው። ትናንት ቶማስ ላይ ደርሳ፣ ወንበሩን ይዛ ትንሽ አሰበችና፣ "መስቀል ለነገ ይሁን፣ ሲኒውን አምጪ" አለችኝ።